ከሐይቅ ደለል የጥንት ከሰል እንዴት ይለያል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጥንት ሰደድ እሳትን ከሐይቅ ደለል ለማጥናት ከሰሉን እንዴት ልለይ? ጥቁር ነገር ሁሉ ከሰል እየመሰለኝ ተቸግሬአለሁ።

መልስ 1፦ ከየንብርብሩ 1 ሴንቲሜትር ኩብ ውሰድ። በሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት (የተጣበቀ ደለል የሚበታትን ኬሚካል) ብጥብጥ 24 ሰዓት ዘፍዝፈህ፣ ቀዳዳው 125 ማይክሮሜትር በሆነ ወንፊት ላይ ውሃ በቀስታ አፍስስበት። በጣትህ እንዳታሸው! አንዱ ቅንጣት አምስት ይሆንና ያልነበረ ቃጠሎ ትቆጥራለህ። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ከሰል በአብዛኛው የቅርብ እሳት ምልክት ነው፤ ደቃቁን ነፋስ ከሩቅም ያመጣዋል።

መልስ 2፦ የተጠራጠርከውን በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌ ጫን በለው። ከሰል ሹል ማዕዘን እያወጣ ይሰበራል፣ የበሰበሰ ተክል ይጨፈለቃል፣ ማዕድን አይበገርም።

መልስ 3፦ የዛፉን ዓይነት ከፈለግህ 2 ሚሊሜትር ያህል ወይም የሚበልጥ ስባሪ ያስፈልጋል። በምላጭ አትቁረጠው፣ የሕዋሱ ቅርጽ ይበላሻል፤ ስበረውና በሦስቱም አቅጣጫ (አንዱን በአግድም፣ ሁለቱን በቁመት) እይ። አስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) የውሃ ቱቦዎች ይታዩበታል፤ ጽድ ግን የለውም። ሁለቱም በሚበቅሉባቸው በባሌ ተራሮች ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።