አባይ በረሃ ላይ ሆዴ ውኃ አልቀበል አለኝ

ደብረ ማርቆስ ሆኜ ለረጅም የተራራ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጮቄ ስሮጥ ምንም አልሆንም። በሚያዝያ ሙቀት ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁልቁለቱን፣ ከ1000 ሜትር በላይ የሚወርደውን፣ በደህና እጨርሳለሁ። ከድልድዩ ተመልሼ ዳገቱን ስጀምር ውኃው ሆዴ ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴ አልወጣ ይላል፤ ከናቴራዬ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ይሠራል።

የምይዘው ውኃና በማር የተለወሰ በሶ ነው። ውኃ ስቀንስ ያዞረኛል፤ ስጨምር ያስመልሰኛል። ጎህ ሳይቀድ መነሳትንም ሞክሬያለሁ፤ ፀሐይዋ ዳገቱ ላይ መድረሷ አልቀረም። (ጠላ ጠጥተህ ውረድ ያሉኝም አሉ፤ እሱን ለበዓል አቆይቼዋለሁ።) አሁን ያሰብኩት ውኃው ላይ ጨው መጨመር ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ረጅም ዳገት የሮጣችሁ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ምን ያህል ጨው ትጨምራላችሁ?