የበግ ፀጉር ዘንቢሌ ለምን ይለጠጣል?

ባዘቶ (ለገጣፎ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ላለፉት ስምንት ወራት ቤቴ ውስጥ ከበግ ፀጉር ዘንቢል እየሠራሁ ነው። ፈትሎና ሸምኖ ሳይሆን፣ የተነደፈውን ፀጉር አነባብሮ በሙቅ ውኃና በሳሙና በማሸት እርስ በርሱ እንዲያያዝ የሚደረግበት ሥራ ነው። በውጭ አገር ፌልት የሚሉት መሆኑ ነው፤ እኔና እናቴ ግን «ማጥበቅ» እንለዋለን።

ፀጉሩን የምገዛው በደብረ ብርሃን መንገድ ከሚመጡ ገበሬዎች ነው፤ የመንዝ በግ ነው። ጥቁርም ቡናማም ነጭም ስለማገኝ ብዙ ጊዜ ማቅለሚያ አያስፈልገኝም። ጥቁሩ ለመደቡ፣ ነጩ ለጥለቱ ይሆናል። አንድ ጊዜ የባሕር ዛፍ ቅጠል በትልቅ ድስት ከጠዋት እስከ ማታ ቀቅዬ ነጩን ፀጉር ብዘፈዝፈው እንደ ማር የመሰለ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አጥራችን ሙሉ ባሕር ዛፍ ሆኖ ሳለ ቀለም ፍለጋ መርካቶ ድረስ መመላለሴ ቆጨኝ።

አሠራሬን ልንገራችሁና ስሕተቴን ፈልጉልኝ። ከወፍራም ፕላስቲክ 46 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅርጽ እቆርጣለሁ። በላዩ ላይ ፀጉሩን በስሱ እዘረጋለሁ፤ አንዱን ድርብ በአግድም፣ ቀጣዩን በቁመት፣ በድምሩ አራት ድርብ። ሙቅ የሳሙና ውኃ እረጭበትና ላስቲክ ሸፍኜ በመዳፌ አሻለሁ። ጠርዙን አጥፌ፣ ገልብጬ፣ ሌላውን ፊት እንዲሁ አደርጋለሁ። ከዚያ በሰሌን ጠቅልዬ ግማሽ ሰዓት ያህል አንከባልላለሁ። መጨረሻ ላይ አፉን ቀድጄ ፕላስቲኩን አወጣለሁ። ሲደርቅ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት። መደቡ ጥቁር፣ ጥለቱ ነጭ፣ መካከሉ ላይ በእርድ የቀለምኩት አደይ አበባ ያለበት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የደከምኩበት ነበር። ሦስት ኪሎ ድንች ይዛበት ከገበያ ስትመለስ ማንገቻው ተለጥጦ ዘንቢሉ ጉልበቷ ላይ ደረሰ። ነጠላዋም በጥቁር ፀጉር ተሞላ። በግራና በቀኝ፣ ፀጉሩን ባጠፍኩበት ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ስፌት ያበጠ መስመር አለ። እሷ ደስ ብሏት ነው የወሰደችው፤ እኔ ግን እንደዚያ ሆኖ ሳየው እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

አመልማሎ (ሱሉልታ)

ልጄ፣ ዘንቢልሽ አልተበላሸም፤ ገና አላለቀም። 46 ገብቶ 40 መውጣቱ ራሱ ይናገራል። ከመነሻው ሲሶ ያህል ካልቀነሰ ገና አልጠበቀም ማለት ነው። እኔ 36 የሚወጣ ዘንቢል ስፈልግ ፕላስቲኩን 54 አድርጌ እቆርጣለሁ። ያንቺ በግ ከእኔ በግ ሊለይ ስለሚችል ግን መጀመሪያ 30 በ30 የሆነ ሙከራ ሥሪና ምን ያህል እንደሚያጥር ለኪው።

የበግ ፀጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለበት። ሙቅ ውኃና ሳሙና አግኝቶ ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ባና በፈላ ውኃ አጥባ የጨመተረባት ሴት ይህን ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። ያ ለእሷ ጥፋት ነው፤ ለአንቺ ግን ሥራው እሱ ነው።

ከመጠቅለልሽ በፊት በሁለት ጣት ቆንጥጪው። የላዩ ፀጉር ለብቻው ከተነሣ መዳፍሽን አታሳርፊ። ድርቡ ሁሉ አብሮ ከተነሣ ወደ ሰሌኑ እለፊ። የሚያጥረው በምታንከባልዪበት አቅጣጫ ነውና አንድ ጊዜ በቁመቱ፣ አንድ ጊዜ በስፋቱ፣ ከዚያም ገልብጠሽ ድገሚው። ፕላስቲኩ ውስጡ መታጠፍ ሲጀምር ጊዜው ደርሷልና አውጪው፤ አንቺ እስከ መጨረሻው ታቆዪዋለሽ፤ ያበጠው መስመር የመጣው ከዚያ ነው። እጅሽን አስገብተሽ ያንን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም እሺው። ከዚያ በኋላ ርኅራኄ አያስፈልግም፤ እንደ ሊጥ አቡኪው፤ እያነሣሽ ገንዳው ላይ ጣዪው። ግማሽ ሰዓት ለዚህ ብቻ አይበቃም።

ሳሙናም አታብዢ። አረፋው እጅሽን ከሸፈነው በዝቷል፤ ፀጉሩ ይንሸራተታል እንጂ አይያያዝም። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውኃ ደጋግመሽ አለቅልቂውና በመጨረሻው ውኃ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጨምሪበት፤ የሳሙናውን ቅሪት ያወጣልሻል።

የደጋ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ስለሚነቀለው ፀጉር እኔ ልመልስ። የመንዝ በግ ሁለት ዓይነት ፀጉር አለው፤ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር አጭርና ለስላሳ። ልብስ ላይ የሚቀረው ሻካራው ነው፤ በደንብ ስለማይያያዝ ሾልኮ ይወጣል። ከመንደፍዎ በፊት ጉንጉኑን ከሥሩ ይዘው ረጃጅሙን በጫፉ በኩል ይንቀሉት። አድካሚ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ሲገዙም የትከሻውንና የጎኑን ይምረጡ፤ የጭኑ በጣም ሻካራ ነው። የውጭ አገር የሜሪኖ ሱፍ ግዙ የሚሉ ይኖራሉ። ያ ሱፍ ቀጭን ስለሆነ (የአንዱ ፀጉር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ለአንገት ልብስ ይመረጣል። ዘንቢል ግን አንገት ላይ አይጠመጠምም። አያቶቻችን ባናውንም በርኖሱንም የሠሩት ከዚሁ ከአገራችን በግ ነው።

ቆዳ ሰፊ (ቡራዩ)

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ማንገቻውን ከቆዳ ያድርጉት። ከአፉ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው፣ ከውስጥ በኩል ክብ ቆዳ ደግፈው፣ ሰም በተቀባ ክር ይስፉት። ክብደቱ በአንድ ነጥብ ላይ አያርፍም። ውስጡን ደግሞ የአቡጀዲ ገበር ያልብሱት፤ ድንቹን የሚሸከመው ገበሩ ይሆናል።

ባዘቶ (ለገጣፎ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቴ ሱሉልታ፣ ያሉኝን ሁሉ ሞከርኩ። 30 በ30 የነበረው በግማሽ ሰዓት 26 ሆነ። ድሮ የማቆመው እዚያ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላው 19 ላይ ደረሰና ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ። ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት፤ አይነቃነቅም። በመዳፌ መካከል ጣል አድርጌ ስጨብጠው የተሰማኝን ደስታ ለመጻፍ ይቸግረኛል።

ሻካራውን ፀጉር ለይቼ አወጣሁት። ከ200 ግራም 60 ግራም ያህሉ ወጣ፤ እናቴ ለመከዳ መሙያ ወሰደችው።

ቡራዩ ያሉት ወንድሜ፣ የአቡጀዲውን ገበር ተቀብያለሁ። በማንገቻው ግን አልተስማማንም። ዘንቢሉ ከአንድ በግ ተነሥቶ ከአፍ እስከ ማንገቻ አንድ ወጥ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ቆዳ ሲገባበት ለእኔ ሌላ ዕቃ ይሆንብኛል። ስለዚህ ከዚሁ ፀጉር አውራ ጣት የሚያክል ገመድ በሰሌን ላይ እያንከባለልኩ አጥብቄ ሠራሁ፤ አንድ በቆዳ፣ አንድ በገመዱ አድርጌ ሁለት ዘንቢል በረንዳው ላይ ሰቀልኩ። በየአንዳንዳቸው አምስት ኪሎ ድንጋይ አስገባሁ። ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት ስለካ የቆዳው ባለበት ነው፤ የእኔው አንድ ሴንቲ ሜትር ወርዷል። እስከ እሑድ አላወርዳቸውም።