“ሚሞሪው ሞላ” ሲባል የሞላው የቱ ነው?

የአራዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጥምቀት በኋላ ጎንደር ውስጥ አንድ ንግግር ይበዛል፦ “ስልኬ ሚሞሪው ሞልቶ ስታክ ያደርጋል።” ጥር 11 ባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ቪዲዮ የማይቀርጽ ሰው የለምና አይገርምም። የሚገርመኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሁሉም ፎቶና ቪዲዮ ያጠፋል። የአንዱ ስልክ ይሻለዋል፣ የሌላው ግን እንደነበረው ነው። ስለዚህ የቃሉን ነገር እናጥራው። ሚሞሪ የምንለው ራሙን፣ ማለትም ስልኩ አሁን የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝበትን ነው፣ ወይስ ስቶሬጁን፣ ማለትም ፎቶውና አፑ የሚቀመጥበትን? “ማህደረ ትውስታ”ስ የየትኛው ስም ነው? ለሁለቱም ሲጻፍ አያለሁ።

የፒያሳው ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። በእኛ ጥገና ቤት ቋንቋ ሚሞሪ መጀመሪያ የካርዱ ስም ነበር። ዘፈን ቤት ሄደን “ሚሞሪዬን ሙላልኝ” የምንልበትን ጊዜ ታስታውሺያለሽ። በኋላ ስልኩ ራሱ ሰፊ ማስቀመጫ ይዞ ሲመጣ ቃሉ ወደ ውስጥ ገባ። ራም ግን ያኔም አሁንም ራም ነው። ደንበኛ “ሚሞሪ ሞላ” ካለኝ ስቶሬጅ ብዬ ነው የምሰማው።

ችግሩ ሰው ሁለት በሽታ በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ስለዚህ ስሙን ትቼ ምልክቱን እጠይቃለሁ። ቴሌግራም ላይ እየጻፍሽ ስልክ ተደወለልሽ እንበል። አውርተሽ ስትመለሺ ቴሌግራም እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይከፈታል? እንዲህ ከሆነ ራም አንሶታል። አንድሮይድ ራም ሲጠበው መጀመሪያ ከጀርባ ያለውን ጨምቆ ለማቆየት ይሞክራል። ካልበቃው መዝጋት ይጀምራል። አሮጌ 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ላይ ሲስተሙ ራሱ ብዙውን ስለሚይዘው ለአፖቹ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የጥምቀቱን ቪዲዮ በሙሉ ብታጠፊ ይሄ አይድንም።

ሌላው በሽታ ደግሞ እንዲህ ነው። ካሜራው ፎቶ አንስቶ ለማስቀመጥ ያቃስታል። አፕ አልዘመንም ይላል። ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል። ይሄኛው ስቶሬጅ ነው። የስልክ ማስቀመጫ በተጻፈ ቦታ ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም። መጀመሪያ ሰፋ ያለ ክፍል አንድ ላይ ማጥፋት አለበት። ባዶ ቦታ ሲያልቅበት አንዲት ነገር ለመጻፍ ብዙ ነገር ከዚያ ወደዚህ ያዛውራል። እዚህ ላይ ፎቶ ማጥፋት በእርግጥ ይረዳል። እኔ ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ አስረኛውን ባዶ ተዉት እላለሁ።

መሪጌታው፦
ልጆቼ፣ የስልኩን ነገር የፒያሳው ልጅ ነግሯችኋል። እኔ ስለ ማኅደር ልበል። ቃሉ ከግእዙ “ኀደረ” የወጣ ነው፤ አደረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ማኅደር ማደሪያ ነው። ደቡብ ጎንደር ያለውን ማኅደረ ማርያምን ታውቁታላችሁ። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ቤትም ማኅደር ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ ፋይልም ማኅደር የተባለው ወረቀቱ እዚያ ስለሚያድር ነው። በሁሉም ውስጥ ማደር አለ። እስቲ ልጠይቅ፦ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ራም ውስጥ የነበረው ይገኛል?

የፒያሳው ጠጋኝ፦
አይገኝም የኔታ። ኃይል ከተቋረጠ ራም ባዶ ነው። ስቶሬጁ ግን ባትሪው ቢያልቅም የያዘውን አይለቅም።

መሪጌታው፦
እንግዲያ ራም እንዴት ማኅደር ይባላል? የሚያድርበት የለም! ማኅደር የስቶሬጁ ስም ይሁን። ራሙን እንደ አትሮንስ አስቡት። መጻሕፍቱ ያሉት እቃ ቤት ነው። የሚነበበው ግን አትሮንሱ ላይ የተዘረጋው ነው። አትሮንሱ ጠባብ ከሆነ ሌላውን ለመዘርጋት የተዘረጋው ታጥፎ ይመለሳል። ንባቡ በየመሀሉ ይቆማል። እቃ ቤቱን ብታሰፉት ለዚህ አይጠቅምም።

የአራዳዋ፦
የኔታ እግዜር ይስጥልኝ፣ ፎቶ ማጥፋት ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው ያልሠራው አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ስልኳን “ዝንጉ ሆነብኝ” ትለዋለች። ወጥታ ስትመለስ የከፈተችውን አያገኝላትማ። ይሄ እኮ የራም ማነስ ትክክለኛ ስሙ ነው። ስታክ ማድረግ ባለበት መድረቅ ነው። መንቀራፈፍ መሄድ፣ ግን በግድ መሄድ ነው። መዘንጋት ደግሞ የጀመሩትን መልቀቅ ነው። ሦስቱን ለይተን ብንናገር ጠጋኙም ቶሎ ይረዳን ነበር። ለሁሉም “ስታክ” ማለታችን አማርኛችን የያዘውን ማባከን ይመስለኛል።

የማራኪው ተማሪ፦
ሦስቱን መለየቱን ወድጄዋለሁ። ማኅደር ለስቶሬጅ የሚለውንም እቀበላለሁ። ራም ግን ራም ሆኖ ይቆይ ባይ ነኝ። አጭር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ከሌላ ቃል ጋርም አይጋጭም።

እኔን የሚያሳስበኝ “ራም ማጽዳት” የሚለው አነጋገር ነው። ማጽዳት ሲባል ራም ውስጥ ያለው ቆሻሻ ይመስላል። አይደለም። ራም የተሠራው ሊያዝ ነው። ባዶ ራም ለማንም አይጠቅምም። ሰው በየደቂቃው “ክሊር ኦል” ሲጫን ሊጠቀምበት ያዘጋጀውን ይዘጋል። መልሶ ሲከፍተው ስልኩ ከስቶሬጅ እንደ አዲስ ያነባል። ጊዜም ባትሪም ይበላል። እውነተኛ ስሙ “መዝጋት” ነው። አንዱ አፕ ደርቆ እምቢ ካለ መዝጋት ደግ ነው፤ ሁሉንም መዝጋት ግን ልማድ መሆን የለበትም።

ስቶሬጅ ሲባልም ስፋቱ ብቻ አይደለም። ሁለት ስልክ እኩል 128 ጊጋ ቢኖራቸውም፣ የስቶሬጃቸው ዓይነት የአንዱ ኢኤምኤምሲ (eMMC) የሌላው ዩኤፍኤስ (UFS) ከሆነ ፍጥነታቸው ይለያያል። ኢኤምኤምሲ በአንድ ጊዜ ወይ ያነባል ወይ ይጽፋል። ዩኤፍኤስ ሁለቱንም አብሮ ይሠራል። ስልክ ሲገዛ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላየሁም። ሁሉም “ስንት ጊጋ ነው?” ብቻ ነው የሚለው።

የአራዳዋ፦
ጊጋ ካነሳህ፣ ሱቅ ውስጥ “8 ሲደመር 8 ራም” ብለው የሚሸጡትስ? 16 ማለት ነው?

የማራኪው ተማሪ፦
አይደለም። እውነተኛው ራም 8 ነው። ሁለተኛው 8 ከስቶሬጁ ላይ ተቆርሶ እንደ ራም የሚያገለግል ነው። ስቶሬጅ ደግሞ ከራም እጅግ ይዘገያል። ከጀርባ ያሉ አፖች ቶሎ እንዳይዘጉ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፤ ስልኩን ግን አያፈጥነውም። ማኅደሩም በዚያው ልክ ይጠባል።

የፒያሳው ጠጋኝ፦
“ተጨማሪ ራም” ባይባል ደስ ይለኛል። ሰው ስሙን አምኖ ብር ይጨምራል። “የውሰት ራም” ብንለው ከየት እንደመጣ ስሙ ራሱ ይናገራል። እኔ ከነገ ጀምሮ ለደንበኞቼ እንደዚያ ነው የምለው።

መሪጌታው፦
የውሰት ራም መልካም ነው፤ ያዙት። ማኅደርንም ስትጽፉ በብዙኃኑ ኅ ጻፉት፣ ኀደረን እንዳይለቅ።