የጺም መላጫ ብሩሽ ምርጫ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ጺሜ የሚጠቀለል በመሆኑና ከተላጨሁ በኋላ አንገቴ ሥር ሽፍታ ስለሚወጣብኝ፣ ዝግጁውን የቆርቆሮ አረፋ ትቼ በሳሙናና በብሩሽ መላጨት ጀምሬአለሁ፤ ሽፍታውም በጣም ቀንሶልኛል። ነገር ግን አሁን ያለኝ ብሩሽ ፀጉሩ ከነአረፋው ጉንጬ ላይ እየረገፈ፣ የፀጉሩ ሥርም ከእጀታው እየላላ ስላስቸገረኝ ጥሩ ብሩሽ መግዛት እፈልጋለሁ።

የአሳማ ፀጉር ዋጋው ቀለል ያለ ቢሆንም፣ ከመላጨት በፊት መዘፍዘፍ ከመፈለጉም በላይ በቤታችን በእምነት ምክንያት የአሳማ ነገር ስለማይገባ ከምርጫዬ ውጭ ነው። ባጀር የተባለው የዱር እንስሳ ፀጉር ውኃ አጥብቆ ይይዛል፤ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ስለዚህ የቀሩኝ የፈረስ ፀጉርና ሰው ሠራሹ ናቸው። ሰው ሠራሹ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፣ ቶሎም ይደርቃል፤ እኔም ወደ እሱ አዘነብላለሁ። ሆኖም ሳሙናውን በሳህን ሳይሆን ፊቴ ላይ በቀጥታ ስለምመታ፣ ጫን ሲሉት ተኝቶ የሚቀር እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ሁለቱንም የተጠቀማችሁ፣ ለጠንካራ ጺም የትኛው ይሻላል? የፀጉሩ እስር ስፋት 24 ሚሊ ሜትር ይበቃል ወይስ 26 ይሁን? ሥሩ በደንብ መጣበቁንስ ከመግዛቴ በፊት ሱቅ ውስጥ በምን ላረጋግጥ? ለምትሰጡኝ ምላሽ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።