የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ዲቪዥኖች ታሪክ በጥቅስ ትስስር

ሰብሳቢው፣ ደብረ ማርቆስ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ረቂቁ የሚጠይቀው «ዲቪዥኖቹ (የማኅበሩ የሙያ ዘርፍ ክፍሎች) ከ1945 ወዲህ እርስ በርስ ምን ያህል ይነባበባሉ?» ነው። ማኅበሩ የ1892 ቢሆንም ዲቪዥን የመጣው ከተግባራዊ ሳይኮሎጂ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ እንደገና ሲደራጅ ነው፤ ከዚያ በፊት መሄድ አያስፈልገንም። ቁጥሩ 56 ይድረስ እንጂ ያሉት 54 ናቸው። 4 እና 11 ባዶ ስለሆኑ ሰንጠረዥ ስትሠሩ መደብ እንዳትከፍቱላቸው። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ይሁን፤ ሁለት አቆጣጠር ከተቀላቀለ የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት ስሌቱን ያፈርስብናል።

የስታቲስቲክስ አባል፣ ባሕር ዳር፦
ጥያቄውን እቀበላለሁ፣ መለኪያውን ግን አልቀበልም። ረቂቁ ጆርናልን እንደ ዲቪዥን ቆጥሮታል። የሳይኮሎጂ ታሪክ ክፍል የሆነው ዲቪዥን 26 በ1966 ሥራ ጀመረ፤ የራሱን ጆርናል ያወጣው በ1998 ነው። በዚህ አካሄድ ለ32 ዓመታት ያልነበረ ይመስላል! የሳይኮአናሊሲሱ ዲቪዥን 39ም በ1979 ተቋቁሞ ጆርናሉ በ1984 ነው የወጣው። በዚያ ላይ አንድ ሰው የብዙ ዲቪዥን አባል መሆን ይችላል። ስለዚህ መነሻችን የዲቪዥን ፕሬዚዳንቶች ስም ዝርዝር ይሁን፤ እያንዳንዳቸው ከመመረጣቸው በፊት በነበሩት 10 ዓመታት ያሳተሙትን እንሰብስብ። ተራውን አባል አያሳይም። ይህን በርዕሱ ላይ እንግለጸው እንጂ «የጥናቱ ገደቦች» ሥር አንደብቀው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፣ እንጅባራ፦
ዶክተር ያሉት ትክክል ነው። ጆርናል ግን ከነጭራሹ አይቀርልንም፤ ጽሑፎቹ የሚወርዱት በእሱ ነው፣ ስሙም ይቀያየራል። «ጆርናል ኦፍ አብኖርማል ኤንድ ሶሻል ሳይኮሎጂ» በ1965 ለሁለት ተከፈለ። «ጆርናል ኦፍ ኮንሰልቲንግ ሳይኮሎጂ» በ1968 «ክሊኒካል» የሚለውን በስሙ ላይ ጨመረ። «ጆርናል ኦፍ ኤክስፐርመንታል ሳይኮሎጂ» በ1975 ተከፋፈለ። ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅም፤ ማኅተም ቤቱ ስም በለወጠ ቁጥር አዲስ መስክ ተወለደ ብሎ ይነግረናል። አሮጌ ስም፣ አዲስ ስም፣ ዓመትና አይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ ቁጥር) የያዘ የዘር ሐረግ ሰንጠረዥ ማውረድ ሳይጀመር ይለቅ። እኔ አዘጋጀዋለሁ።

ሌላው የዋቢዎች መጉደል ነው። በድሮ ጽሑፎች ዋቢ አንዳንዴ በግርጌ ማስታወሻ ስለሚቀመጥ ጽሑፎቹን በምናወርድበት የመረጃ ቋት፣ በኦፕንአሌክስ ላይ ከነአካቴው ላይመዘገብ ይችላል። ከ1946 እስከ 2025 ካሉት 8 አሥርት ዓመታት ከየአሥርቱ 30 ጽሑፍ በዕጣ እንውሰድ፤ በድምሩ 240። የታተመውን ዋቢ በእጅ ቆጥረን ከተመዘገበው ጋር እናስተያየው። ከ80 በመቶ በታች የተመዘገበ አሥርት ከጥቅስ ስሌቱ ይውጣ።

የስታቲስቲክስ አባል፣ ባሕር ዳር፦
80ው ይሁን። አሁን ስለ ስሌቱ። ረቂቁ የጋራ ጥቅስን ብቻ ይዟል፣ ማለትም ሁለት ሥራዎች በሦስተኛ ጽሑፍ አብረው ሲጠቀሱ። ይህ የኋለኛው ትውልድ የቀድሞውን እንዴት እንደደረደረው ያሳያል፤ በዘመኑ ማን ከማን ጋር ይነጋገር እንደነበር ግን አያሳይም። ለዚያ ተመራማሪው ኬስለር በ1963 ያቀረበው የዋቢ ትስስር ይሻላል፤ ሁለት ጽሑፎች የሚጋሩት ዋቢ ከታተሙ በኋላ አይለወጥም። ሁለቱንም እንሥራ፣ በ5 ዓመት መስኮት። ውጤታቸው የሚለያይበት ቦታ ለታሪክ ዋናው ነገር ነው።

ክብደት ማስተካከልም አይረሳ። 200 ዋቢ ያለው አንድ የዳሰሳ ጽሑፍ 19,900 የጋራ ጥቅስ ጥንድ ይፈጥራል፤ 10 ዋቢ ያለው የሙከራ ዘገባ 45 ብቻ። ሳይካፈል ከተቆጠረ ካርታው የጥቂት ዳሰሳ ጸሐፊዎች ካርታ ይሆናል። እያንዳንዱ ጽሑፍ በድምሩ 1 ክብደት ይኑረው፣ ለጥንዶቹም ይካፈል። ቡድን ለመለየት የላይደን ስልት (በጥብቅ የተሳሰሩትን በአንድ የሚመድብ ስሌት) ይበቃል። በተለያየ የዕጣ መነሻ 50 ጊዜ ይሮጥ፤ በየሩጫው የሚበተን ቡድን ስም አይሰጠው።

አባል፣ ዳንግላ፦
የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶችን ለምን አንጨምርም? ደግሞም ጥቅስ እንደ ቅኔ ቤት ነው፤ ማን ከማን እንደተማረ ያሳየናል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፣ እንጅባራ፦
ወንድሜ፣ ሰው የሚነቅፈውንም ይጠቅሳል፤ ያላነበበውን የሚጠቅስም አይጠፋም። የመምህር ሐረግ አይወጣበትም። የእኛ ሰዎች በሁለተኛው ዙር ይግቡ፤ «ገብረ» እና «ኃይለ» ብለው የሚጀምሩ ስሞች በላቲን ፊደል አንዴ ተገጥመው አንዴ ተነጥለው ስለሚጻፉ፣ የአባት ስምም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ አንዱ ደራሲ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። ማጥራቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሰብሳቢው፣ ደብረ ማርቆስ፦
ተስማምተናል፤ ሁለተኛ ዙር። አወራረዱን በተመለከተ የኦፕንአሌክስ ሙሉ ቅጂ በመቶዎች ጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ በእኛ መስመር አይሞከርም። በጆርናልና በዓመት ከፋፍላችሁ ሌሊት አውርዱ፤ ጥሬው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል። ውጤቱ ከ10,000 ካለፈ በተራ የገጽ ቁጥር አይመጣም፣ በከርሰር (ቀጣዩ ክፍል ከየት እንደሚጀምር በሚጠቁም ምልክት) ነው።

ያልተቋጨው የዲቪዥኖቹ ብዛት ነው። እኔ 3 (የሙከራ ሳይኮሎጂ)፣ 8 (የስብዕናና የማኅበራዊ ሳይኮሎጂ)፣ 12 (ክሊኒካል) እና 26 ይበቃሉ እላለሁ። 39 ይግባ የምትሉ እስከ ዓርብ ምክንያታችሁን ጻፉ።

የስታቲስቲክስ አባል፣ ባሕር ዳር፦
ይግባ። ሐኪሞቹ የሚጠቅሱት ከማኅበሩ ውጭ ነው፤ 39 ከሌለ የ12 ወሰን የት እንደሆነ አናውቅም።