የእጅ አንጓ ነርቭ መጨናነቅና በእጅ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ
ደብረ ማርቆስ ውስጥ በልብስ ስፌት የምተዳደር ስሆን፣ የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ አመልካችና የመሃል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ ይቀሰቅሱኛል፤ ትንሿ ጣቴ ግን ደህና ናት። ሐኪሙ በእጅ አንጓ የሚያልፈው ሚዲያን የተባለው ነርቭ ተጨንቋል ብሎ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማታ ማታ እንዳስር ስላዘዘልኝ የሌሊቱ ሕመም ቀንሷል፤ መቀስ ስይዝ የሚሰማኝ መደንዘዝ ግን አልተወኝም። ቀጥሎም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የአንጓዬን ትንንሽ አጥንቶች በእጁ ማንቀሳቀስ ጀመረ (ወጌሻ ዘንድ ሂጂ የሚሉኝ ብዙዎች ቢሆኑም የተጨነቀ ነርቭ ማሳሸት አልደፈርኩም)። ከሕክምናው በኋላ እጄ ቀለል ይለኛል፤ በማግስቱ ግን ጣቶቼን ከበፊቱ ይበልጥ ይነዝረኛል። የአውራ ጣቴ ሥር ጡንቻ አልሟሸሸም፣ ዕቃም ከእጄ አይወድቅም። ይህ ንዝረት ሕክምናውን በለዘብታ እየቀጠልኩ የምታገሠው ነው ወይስ አቁሜ ስለ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙን እንዳማክር የሚያስገድድ ምልክት ነው?