ባለ አምስት ደረጃ ሪስክ ፋይቭ፦ ከሎድ በኋላ ድምሩ ይሳሳታል

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ የምንገናኝ ሦስት ልጆች ባለ 32 ቢት ሪስክ ፋይቭ (ክፍት የትእዛዝ ስብስብ) ፕሮሰሰር በቬሪሎግ (የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ) እየጻፍን፣ በኢካሩስ (የቬሪሎግ ሲሙሌተር) ሲሙሌት እያደረግን ነው። አምስቱ ደረጃዎች ፌች (ትእዛዙን ማምጣት)፣ ዲኮድ (መፍታትና ሬጅስተር ማንበብ)፣ ኤክስኪዩት (ማስላት)፣ ሚሞሪ እና ራይትባክ (ውጤቱን ሬጅስተር ላይ መጻፍ) ናቸው። ፎርዋርዲንግ (ገና ያልተጻፈን ውጤት ለቀጣዩ ትእዛዝ በቀጥታ ማቀበል) አስገብተናል፤ መደመርና መቀነስ ልክ ናቸው። ከሎድ (ከሚሞሪ ወደ ሬጅስተር የሚያመጣ ትእዛዝ) ቀጥሎ ወዲያው ድምር ሲመጣ ግን የሬጅስተሩን የድሮ ዋጋ ይደምራል። ብራንች (ሁኔታ አይቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚዘል ትእዛዝ) ሲዘልም ከሥሩ ያሉት ትእዛዞች ይፈጸማሉ። የቱ ጋ እንፈልግ?

ራስ መኮንን ድልድይ፦
ፎርዋርዲንጉ ምንም አላጠፋም፤ ዋጋው ገና አልደረሰም። ሎድ ከሚሞሪ ያነበበው የሚገኘው በአራተኛው ደረጃ መጨረሻ ነው፣ ድምሩ ደግሞ በዚያው ክሎክ ኤኤልዩ (ሒሳብ የሚሠራው ክፍል) ውስጥ ነው። አንድ ክሎክ መቆም ግድ ነው። ኤክስኪዩት ላይ ያለው ሎድ ሆኖ፣ መድረሻ ሬጅስተሩ 0 ካልሆነና ዲኮድ ላይ ያለው ትእዛዝ ያንኑ ሬጅስተር ካነበበ፣ ፒሲውን (የሚመጣውን ትእዛዝ አድራሻ የሚይዘውን) እና በፌችና በዲኮድ መካከል ያለውን ሬጅስተር ባሉበት ያዙ። ወደ ኤክስኪዩት የሚያልፉትን የመጻፊያ ምልክቶች ደግሞ 0 አድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸኛው ነው። ከተረሳ ድምሩ ሁለቴ ይፈጸማል፣ አንዴ በአሮጌው አንዴ በአዲሱ ዋጋ፤ ሬጅስተር 5 ላይ ደምሮ እዚያው 5 ላይ የሚጽፍ ትእዛዝ ከሆነ ውጤቱ ይበላሻል።

ብራንቹ ኤክስኪዩት ላይ የሚወሰን ከሆነ እስከዚያ ከኋላው ሁለት ትእዛዝ ገብቷል። ሲዘል ሁለቱንም ወደ ኖፕ (ምንም የማይሠራ ትእዛዝ፣ በሄክስ 00000013) ለውጡ። ሪስክ ፋይቭ እንደ ሚፕስ (ሌላ የትእዛዝ ስብስብ) ዲሌይ ስሎት (ብራንቹ ቢዘልም ከሥሩ ያለው ትእዛዝ የሚፈጸምበት ቦታ) የለውም።

ምኒልክ አደባባይ፦
የሲግናሎቹን ሞገድ በዓይን ከመከተል ከስፓይክ (የሪስክ ፋይቭ ማመሳከሪያ ሲሙሌተር) ጋር ማስተያየት ይሻላል። ፒሲውን፣ የተጻፈበትን ሬጅስተርና ዋጋውን በየመስመሩ አትሙ፤ መጀመሪያ የሚለያየው መስመር ስህተቱ የታየበት ነው። ግን የምታትሙት ራይትባክ ላይ ይሁን። ዲኮድ ላይ ካተማችሁ የቆመው ትእዛዝ ሁለቴ ይወጣና የሌለ ስህተት ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ስፓይክ ወደ ፕሮግራሙ መነሻ አድራሻ (በሄክስ 80000000) ከመዝለሉ በፊት የራሱን የማስነሻ ትእዛዞች ስለሚፈጽም እነዚያን መስመሮች ዝለሏቸው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን፣ ሁለቱም ተስተካከሉ። አሁን የቀረው አንድ ነው፤ አንድ ትእዛዝ የጻፈውን ሬጅስተር፣ ሁለት ትእዛዝ መሀል ገብቶ ከነሱ ቀጥሎ ያለው ሲያነብ አሮጌ ዋጋ ያገኛል።

ራስ መኮንን ድልድይ፦
ያኔ የሚጽፈው ትእዛዝ ራይትባክ፣ የሚያነበው ዲኮድ ላይ ናቸው፤ መጻፍና ማንበብ በአንድ ክሎክ ተገናኙ። ሬጅስተር ፋይሉ (ሬጅስተሮቹ ያሉበት ክፍል) ውስጥ፣ የሚጻፈውና የሚነበበው የሬጅስተር ቁጥር ተመሳሳይ ከሆነና 0 ካልሆነ፣ የሚጻፈውን ዋጋ በቀጥታ ለአንባቢው ስጡ። ሁለቱም የማንበቢያ ፖርቶች ላይ አድርጉት።